የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድንኳን፣ ብርድና ትንሿ የእንጨት ምድጃ

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር ከጎንደር ወደ ኮሶዬ፣ ወደ ጎርጎራና ወደ ስሜን ተራሮች ድንኳን ጭነው የሚወጡ ቤተሰቦችና ወጣቶች ይበዛሉ። ሰሞኑን ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ዕቃ በመሆኑ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተናል፤ ዕቃውም በእጅ አንጠልጥለው የሚሄዱት፣ በእንጨት የሚነድድ ትንሽ የብረት ምድጃ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጥንም።

ጥያቄ፦ አንድ ዘመዳችን ከውጭ አገር ሲመጣ ግድግዳው ድርብ የሆነ ክብ የብረት ምድጃ ይዞልን መጣ። ጭስ የለውም ተብለን ነበር፤ ኮሶዬ ላይ ስናነድደው ግን ዓይናችን እስኪያለቅስ ድረስ ጨሰብን። ጉድለቱ ከምድጃው ነው ወይስ ከአጠቃቀማችን? በቅርቡ ደግሞ አራት ጓደኛሞች በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው ጨነቅ ልንወጣ አስበናል፤ ይዘነው መሄድ እንችላለን? (ከማራኪ)

መልስ፦ ከገለጻችሁልን ስንነሣ ምድጃው ጉድለት ያለበት አይመስለንም። እንዲህ ያለው ምድጃ አየር የሚያስገባው ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ከፊሉ አየር በቀጥታ ወደ እንጨቱ ይሄዳል፤ ከፊሉ ደግሞ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየጋለ ወደ ላይ ይወጣና ከአፉ ዝቅ ብለው በተደረደሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጭስ የምንለው ከእንጨቱ ወጥቶ ሳይነድድ ያመለጠ ጋዝና ብናኝ ስለሆነ፣ ይህ የጋለ አየር ሲያገኘው ገና ከምድጃው ሳይወጣ ይቃጠላል። ነገሩ በትክክል ሲሠራ በላይኞቹ ቀዳዳዎች ዙሪያ ትንንሽ ነበልባሎች ከብረቱ ውስጥ የሚወጡ መስለው ይታያሉ። እነዚህን ካላያችሁ ምድጃው ገና ሥራውን አልጀመረም ማለት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መጠነኛ ጭስ ቢኖር ሊያስደንቃችሁ አይገባም።

ከዚያ በኋላም የሚጨስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እንጨቱ ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድድ የእሳቱ ጉልበት በውስጡ ያለውን ውኃ በማትነን ያልቃል፤ ነበልባሉ ይቀዘቅዛል፣ ያልነደደውም ጋዝ ጭስ ሆኖ ይወጣል። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ለእንደዚህ ያለ ምድጃ የሚስማማው ግን እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የወረደ እንጨት ነው። ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። የደረቀ ፍልጥ ጫፎቹ የተሰነጣጠቁ፣ ልጡ በእጅ የሚላቀቅ፣ ሲያነሡትም ከመጠኑ ይልቅ የሚቀልል ነው፤ ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማል፣ እርጥቡ ግን የታፈነ ድምፅ ነው የሚሰጠው። በገበያ የሚሸጠው እንጨት ብዙ ጊዜ ውጭውን ፀሐይ ስለመታው ብቻ ደረቅ ይመስላል። አንዱን አስፈልጣችሁ የውስጡን ገጽ በጉንጫችሁ ንኩት፤ ቀዝቀዝ ካለ ገና አልደረቀም።

ሁለተኛው ምክንያት ምድጃውን እስከ አፉ መሙላት ነው። እንጨቱ ከላይኞቹ ቀዳዳዎች ከፍ ብሎ ከተከመረ ጭሱ የጋለውን አየር ሳያገኝ በላዩ ያመልጣል። ፍልጡ ከእጅ አንጓ ያልበለጠ ውፍረት ኖሮት፣ በቁመቱም ከቀዳዳዎቹ በታች እንዲቀር ሆኖ ቢቆረጥ፣ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ማንደድ ይቻላል። የአለኳኮሱ ነገር ደግሞ ከለመድነው የተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻላል። ወፈር ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ፍልጦች ከታች አጋድሙ፤ በእነርሱ ላይ ቀጠን ያሉትን አመሳቅሉ፤ ከዚያ ጭራሮና ደቃቅ ስንጣሪ አድርጉና ክብሪቱን ከላይ ጫሩ። እሳቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር ያለው እንጨት የሚያወጣው ጋዝ በነበልባሉ መካከል ማለፍ ስላለበት ገና ከጅምሩ ጭሱ ያንሳል። ላምባ፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ጨርሶ አታርከፍክፉ። በተለይ የጠፋ መስሎ ፍም የያዘ ምድጃ ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ነበልባሉን እስከ ጄሪካኑ ድረስ ሊስበው ይችላል።

ወደ ጨነቅ ስለመውሰዱ፣ ደባርቅ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ስታወጡ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት በቅድሚያ ጠይቁ፤ በምን ቦታና በምን ወቅት እሳት ማንደድ እንደሚቻል የሚወስነው እርሱ ነው፤ አብሯችሁ የሚሄደው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) የሚላችሁንም ሳታንገራግሩ ተቀበሉ። ከዚህ ጋር አጥብቀን የምናሳስባችሁ እንጨት በፓርኩ ውስጥ እንዳትፈልጉ ነው። አስታውንና ጅባራውን መቁረጥ ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ወድቆ የደረቀውን መልቀም ግን ብዙዎች ጉዳት የሌለው ይመስላቸዋል። በዚያ ከፍታ ዛፍ የሚያድገው እጅግ ቀስ ብሎ ነው፤ የወደቀውም እንጨት በስብሶ አፈሩን ያበለጽጋል። ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል፤ ከዚያ የወጣው በብዙ ድካም ነውና፣ ጎብኚ ሁሉ አንድ አንድ ክንድ እንጨት ቢያነሣ የሚሆነውን ማሰብ አይከብድም። ከባሕር ዛፍ የተፈለጠ ደረቅ ማገዶ ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ገዝታችሁ በጆንያ ያዙ። እንዲህ ያለ ትንሽ ምድጃ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ለሁለት ሰዓት ምሽት አንድ መጠነኛ ጆንያ ከበቂ በላይ ነው። የምድጃው ትልቁ ጥቅም በእኛ ግምት ይህ ነው፤ መሬት ላይ ከሚነደው ትልቅ እሳት ይልቅ ከቤት በተያዘ ጥቂት ማገዶ መርካት ያስችላል።

ደረቁ ወቅት ሲገፋና ነፋሱ ሲበረታ ግን ፈቃድ ቢኖራችሁ እንኳ ምድጃውን ባታወጡት እንመርጣለን። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ በስሜን የተነሣው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን እየበላ ለቀናት ሲቆይ፣ ገደሉ ለእግረኛ አልመች ብሎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት ነበረባቸው። የደረቀ ጓሳ ላይ ያረፈች አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ምን ያህል ርቃ እንደምትሄድ የአካባቢው ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ዳባት አካባቢ ስናድር ብርዱ አላስተኛንም። ዘንድሮ ልጆች ይዘን ስለምንሄድ፣ እሳቱ ነድዶ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር ምድጃውን ወደ ድንኳኑ አስገብተን፣ በሩን ትንሽ ከፈት አድርገን ብንተኛስ? ጭስ እስከሌለው ድረስ ምን ጉዳት አለው? (የሦስት ልጆች አባት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አያስገቡት፤ በሩ ቢከፈትም፣ ፍሙ ትንሽ ቢሆንም፣ ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም አያስገቡት። ጭስ አለመኖሩ አደጋውን አይቀንሰውም፤ እንዲያውም የሚያባብለው እርሱ ነው። ፍም ሲነድድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮንም አይከነክንም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ ይታፈናል። በየክረምቱ ከሰል በቤት አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ቀሩ ሲባል የምንሰማው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድንኳን ደግሞ ከማንኛውም ክፍል የጠበበ ነው፣ ጨርቁም በጤዛና በዝናብ ሲርስ አየር ማስገባቱን ይቀንሳል።

በከፍታ ቦታ ላይ ሁለት ተጨማሪ ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው አየሩ አስቀድሞ የሳሳ መሆኑ ነው፤ ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው በጨነቅ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከዚያ ላይ የሚወሰድ ጥቂት ኦክስጅንም ብዙ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ያሳስበናል። የጋዙ መመረዝ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መድከም ናቸው፤ የከፍታ ሕመም ምልክቶችም እነዚሁ ናቸው። አንድ ሰው በሌሊት ራሴን አመመኝ ሲል ጓደኞቹ ተራራው ነው ብለው መልሰው ሊያስተኙት ይችላሉ። እሳት በአጠገባቸው ካልነበረ ግን የሚጠረጠረው ከፍታው ብቻ ይሆናልና ውሳኔው ይቀልላል።

ምልክቱ የታየበት ሰው ካለ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፤ ከእርሱ ጋር በድንኳኑ የነበሩትንም ደህና ነኝ ቢሉ እንኳ ያስወጧቸው። ከዚያ ኦክስጅን ወዳለበት የጤና ተቋም በፍጥነት ያድርሱት። ወተት መጋትም ሆነ ሎሚ ማሸተት ጋዙን ከደም አያወጣውም፤ ወደ ሕክምና የሚኬድበትን ጊዜ ብቻ ያባክናል።

ስለ ብርዱ ግን መፍትሔ አለ። በድንኳን ውስጥ ሰው የሚበርደው ከላይ ይልቅ ከሥር ነው፤ መሬቱ የሰውነትን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ከፍራሹ በታች ጭድ የተሞላ ጆንያ፣ ከፍራሹ በላይ ደግሞ ሁለት አጎዛ ቢያነጥፉ፣ በላያቸው ከሚጨመር ሌላ ብርድ ልብስ የበለጠ ይጠቅማሉ። ምድጃው የሚያገለግለው ከመተኛት በፊት ነው። ውጭ በእርሱ ላይ ውኃ አሙቀው፣ በደንብ በሚከደን የብረት ኮዳ ሞልተው፣ በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልለው ከልጆቹ እግር አጠገብ ያድርጉላቸው። ኮዳው ከቆዳቸው ጋር በቀጥታ እንዳይገናኝ ይጠንቀቁ። ልጆቹም በልተው እንጂ ተርበው አይተኙ፤ የጠገበ ሰውነት ራሱን ያሞቃል።

ጥያቄ፦ የተዘጋጀው ምድጃ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነብን። በጎንደር ብየዳ ቤት ማሠራት እንችላለን? አንዱ በያጅ ከመኪና ቸርኬ፣ ሌላው ከቆርቆሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአሮጌ በርሜል እሠራላችኋለሁ ብለውናል። (ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ከሦስቱም የምንመርጠው ቸርኬውን ነው። የብረት ቸርኬ ወፍራም ስለሆነ አይጣመምም፣ ሙቀትም ይይዛል፤ ጉድለቱ ክብደቱ ነውና ከመኪና ርቆ በእግር ለሚሄድ ሰው አይመችም። አሉሚኒየም አለመሆኑን በማግኔት አረጋግጡ፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በርትቶ የነደደ እሳት ያበላሸዋል። ቀለሙ እስኪቃጠል ድረስም ምግብ ሳይቀርብበት፣ ሰው ሳይከብበው፣ ሜዳ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይነደድ።

ቆርቆሮውን አንመክርም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እጅግ ሲግልም ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ይህን ጢስ የተነፈሰ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። በርሜሉን በተመለከተ ደግሞ ምን ይዞ እንደነበር ካልታወቀ አትቀበሉት፤ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የያዘ በርሜል ባዶ ቢመስልም ሲቆረጥና ሲበየድ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ አደጋው ከእናንተ ይልቅ ለበያጁ ነው።

ድርብ ግድግዳ ያለውን ማሠራት ከፈለጋችሁ፣ ዚንክ ያልተለበጠ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ገዝታችሁ ለበያጁ ስጡት። የሚሠራው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ክብ ሲሆን፣ በመካከላቸው ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው። የውጭው ክብ ቀዳዳዎች ከታች፣ የውስጠኛው ደግሞ ከአፉ በታች ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብለው ዙሪያውን ይበሱ፤ እንጨቱ የሚያርፍበት ወለልም ቀዳዳ ያለው ሆኖ ከሥሩ ለአመድ ቦታ ይኑረው። በሁለቱ ክቦች መካከል ያለው ክፍተት ከላይ በቀለበት መዘጋቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ በያጆች ይህን የሚረሱት ጌጥ ስለሚመስላቸው ነው፣ ካልተዘጋ ግን የጋለው አየር በላይ አምልጦ ሁለተኛው ግድግዳ ዋጋ አይኖረውም። እግሮቹን ከፌሮ አሠርታችሁ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ይነሣ።

ጥያቄ፦ በዚህ ምድጃ ላይ ሽሮና ቡና ለማዘጋጀት ስሞክር ድስቱን አፉ ላይ ሳስቀምጥ እሳቱ ይታፈናል፤ ምስር ደግሞ ተራራ ላይ አልበስል ይለኛል። (የቤት እመቤት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ድስቱ አፉን ስለሚዘጋው እሳቱ መታፈኑ አይቀርም። በምድጃው አፍ ላይ ሦስት እግር ያለው ብረት አድርገው ድስቱን አራት ጣት ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ጉልቻ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ሲያበስሉ ትልቅ ፍልጥ ሳይሆን ጭራሮና ቀጫጭን ስንጣሪ ቢጠቀሙ እሳቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይችላሉ። ጀበናውን ነበልባል ላይ አይጣዱት፤ ሸክላው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ፍሙ እስኪመጣ ይታገሡ።

ምስሩ የዘገየው በእንጨቱ ምክንያት አይደለም። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ጨነቅ ላይ ደግሞ በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ቢያበረቱትም ውኃው ከዚያ በላይ አይግልም፤ ቶሎ ቶሎ ይተንናል እንጂ። ስለዚህ ምስሩን ከቤት ሲወጡ ዘፍዝፈውት ይሂዱ፣ ወይም ክኩን ይያዙ፤ ድስቱንም ከድነው ያብስሉ። ሽሮ ግን አስቀድሞ የተቆላና የተፈጨ ስለሆነ ብዙም አያስቸግርዎትም። ለማገዶ የቁልቋልና የቅንጭብ እንጨት እንዳይቀላቀልብዎት ይጠንቀቁ፤ ወተታቸው ዓይንንና ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል። ወይራ በሽታውም በፍሙም ቢወደድ፣ በስንት ዓመት የሚያድግ ዛፍ መሆኑን እያሰብን ለምሽት ሙቀት ባይነድድ ደስ ይለናል።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ላይ ስናድር ከመተኛታችን በፊት እሳቱ ላይ አፈር መልሰንበት ነበር። ጠዋት ስናየው ከሥሩ ፍም አለ፣ ምድጃው የቆመበት ሣርም ጠቁሯል። አፈር ካልበቃ ምን ማድረግ ነበረብን? አመዱንስ ሐይቁ ውስጥ ብንደፋው ችግር አለው? (የኮሌጅ ተማሪዎች)

መልስ፦ አፈር እሳትን አያጠፋም ባንልም ፍምን አያጠፋም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ዳፍነው አሳድረው ጠዋት ቆስቁሰው ቡና የሚያፈሉበት ዘዴ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተዳፈነ ፍም አየር የሚያገኘው በጥቂቱ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ አመዱም ሙቀቱን ይጠብቅለታል። እናንተ በአፈር ያደረጋችሁት ይህንኑ ነው፤ ሳታስቡት ለጠዋት አሳደራችሁት። ሌሊት ከጣና የሚነሣ ወይም ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ነፋስ አፈሩን ገልጦት ቢሆን ኖሮ በዳር ያለው የደረቀ ደንገል ቅርብ ነበር።

ማጥፋት የሚጀመረው ከመተኛት ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ነው። በዚያ ጊዜ እንጨት መጨመር ታቆማላችሁ፤ ያለው ነድዶ አመድ እስኪሆን ድረስ በስንጣሪ እየበተናችሁ ትተዉታላችሁ። በደንብ የደረቀ ፍልጥ በጥሩ ምድጃ ውስጥ ጥቂት ፍምና ደቃቅ አመድ ብቻ ስለሚተው፣ ማጥፊያውም ውኃ ያንሰዋል። ከዚያ ውኃውን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት፤ ድንገት የሚነሣው እንፋሎት ፊትና እጅን ያቃጥላል፣ የጋለው ብረትም ይጣመማል። በኩባያ ጥቂት ጥቂት እያፈሰሳችሁ አማስሉት፤ እንደገና አፍስሱ፣ እንደገና አማስሉ። ድምፁ ሲቆም ጨርሳችኋል ማለት አይደለም። የእጃችሁን ጀርባ ከአመዱ በላይ አስጠጉ፤ ሙቀት ካልተሰማችሁ ንኩት፤ ሲነካ ቀዝቃዛ ከሆነ ብቻ ልትተኙ ትችላላችሁ። የእጅ ጀርባ ያልነው ቆዳው ስስ ሆኖ ሙቀትን ቶሎ ስለሚለይ ነው። ለዚህ የሚሆን ቢያንስ አምስት ሊትር ውኃ ገና እሳቱ ሳይለኮስ በጄሪካን ተሞልቶ ከምድጃው ጎን ይቀመጥ፤ በጨለማ ወደ ሐይቅ ዳር ወርዶ መቅዳት ከተጀመረ ዘግይቷል።

ስለ ጠቆረው ሣር፣ ምድጃው እግሩ አጭር ከሆነ ወደ ታች የሚፈነጥቀው ሙቀት የሣሩን ሥር ይገድለዋል፤ ያ ክብ ምልክት ደግሞ ከአንድ ክረምት በላይ ሊቆይ ይችላል። በባዶ መሬት ወይም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሙት። ድንጋዩን ግን ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ዳር አታምጡ፤ ውስጡ የሰረገ ውኃ ሲግል ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ድንጋዩ ተሰንጥቆ ሊፈነጠር ይችላል። ምድጃውና ድንኳኑ ቢያንስ አምስት ሜትር ይራራቁ፤ ነፋሱም ፍንጣሪውን ከድንኳኑ አርቆ የሚወስድበትን ጎን ምረጡ። የዛሬ ድንኳኖች የሚሠሩበት ናይሎን በአንዲት ፍንጣሪ ይቀልጣል። ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ በሐይቁ ዳር የነፋሱ አቅጣጫ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ስትለኩሱ የመረጣችሁት ጎን ከሁለት ሰዓት በኋላም ትክክለኛው መሆኑን ደግማችሁ እዩት።

አመዱን ወደ ሐይቁ አትድፉት። አመድ ውኃውን ስለሚቀይረው ለዓሣም ለሚቀዳው ሰውም አይበጅም፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ካለበት ደግሞ ይብሳል። የብስኩት መጠቅለያና የውኃ ላስቲክ ምድጃ ውስጥ መጣል አሁንም በብዙ ቦታ የምናየው ነው፤ የሚወጣው ጢስ በዙሪያው ለተቀመጡት መርዝ ነው፣ ቀልጦ የሚቀረውም ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ንጹሕ የእንጨት አመድ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዙን አረጋግጣችሁ ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ጣሳ ወደ ቤት ይዛችሁ ተመለሱ፤ በላስቲክ ፌስታል አትያዙት። ለአትክልት ቦታ በስሱ መበተን ይቻላል፤ ምድጃውንም ባዶ አድርጋችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ፣ እርጥበት እንዳይዘው ክዳኑን ከፍታችሁ አስቀምጡት፤ አመድና ውኃ ሲገናኙ ብረቱን የሚበላ ዝቃጭ ይሠራሉ።